ድንኳን በአርዴሽ ወንዝ ዳር፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። አውሮፓ ያለው ዘመድ «ኑና ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን እንሰንብት» ይላል፤ እዚህ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። የሚነሡት ሰዎች የተለያዩ ቢሆኑም አብዛኞቹ የጠየቁት ስለ አንድ ቦታ ስለሆነ ደብዳቤዎቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። መምህርት ነኝ፣ ባለቤቴ የራሱ ሱቅ አለው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ሊዮን የምትኖረው እህቴ በመጪው ክረምት ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ቫሎን ፖን ዳርክ የምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ሄደን ድንኳን ውስጥ እንድንሰነብት ትፈልጋለች። እኛ የሚመቸን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። በዚያ ላይ ፍልሰታን እጾማለሁ፣ ልጄም ዘንድሮ እጾማለሁ ብሏል። መቼ ብንሄድ ይሻላል? ቪዛውስ እንዴት ነው? ድንኳኑንስ ከዚህ ገዝተን እንሂድ?

መልስ፦ እህትዎ ቦታ መምረጥ ያውቃሉ። ቫሎን ትንሽ ከተማ ናት፤ ኑሮዋ ግን በአርዴሽ ወንዝና በድንኳን ነው ማለት ይቻላል። ከከተማዋ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ወንዙ ራሱ ድንጋዩን ቦርቡሮ የሠራው የተፈጥሮ ድልድይ አለ። ወደ 60 ሜትር ይሰፋል፣ ከፍታው 54 ሜትር ነው። ሰው ከሥሩ ይዋኛል፣ በታንኳም ያልፋል።

ሁሉም ነገር ግን ቀኑ ላይ ነው የሚወሰነው። ቀኑን ሳይቆርጡ ስለ ድንኳን ማሰብ አይጀምሩ።

ሐምሌን ይተዉት። የፈረንሳይ ልጆችም ትምህርት የሚዘጉት ያኔ ነው፤ የሆላንዱም የቤልጂጉም የጀርመኑም ቤተሰብ መኪናውን ጭኖ ወደዚያው ይወርዳል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ጥላ ያለው ቦታ ከወራት በፊት ተይዞ ያልቃል። ሙቀቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቫሎን ደግሞ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ምናምን ብቻ ነው ከፍ የምትለው። በሐምሌ ከ35 ዲግሪ በላይ መሆኑ ብርቅ አይደለም። የደጋ ልጅ ያንን ሙቀት ድንኳን ውስጥ ሆኖ ሲቀምሰው «እማዬ ቤታችን እንሂድ» ነው የሚለው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ከነሐሴ 18 በኋላ ነው። ለምን ቢሉ ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ እርስዎም ልጅዎም ጾማችሁን ፈጽማችሁ፣ ቡሄውንም አገራችሁ ጨፍራችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ሰው ወደ ቤቱ መመለስ የሚጀምርበት ሰሞን ነው፤ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በእኛ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። ዋጋው ይወርዳል፣ ወንዙ ገና ሙቅ ነው፣ ቀኑም ይለዝባል። ጳጉሜን ሳትገባ ወይም እንደገባች ተመልሳችሁ እንቁጣጣሽን ቤታችሁ ታከብራላችሁ። አንድ የሚያሰጋኝ የእርስዎ ሥራ ነው። የተማሪ ምዝገባ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሆነ ርዕሰ መምህሩን ከወዲሁ ያነጋግሯቸው፤ ለቪዛውም የፈቃድ ደብዳቤ ከእሳቸው ያስፈልግዎታል።

አሁን ወደ ቪዛው። ነገሩ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ከ6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ለነሐሴ ጉዞ ከየካቲት ወዲህ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ሌላው አገር 15 ቀን የሚፈጀው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን እንዲሆን የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ላይ ወስኗል፤ በዚያው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል፣ የሰነድ ማቅለያም የለም። ይህ ተነሥቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ስታመለክቱ ኤምባሲውን ጠይቁ፤ እቅዳችሁን ግን በ45 ቀን ሒሳብ ሥሩ። የቀጠሮውን ወረፋ ጨምሩበት። ሚያዝያ ላይ ብታመለክቱ በጊዜው ነው፣ ሰኔን መጠበቅ ግን ቁማር ነው።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ለ9 ዓመቱ ልጅዎ 45፣ ለ5 ዓመቷ ምንም። ማመልከቻ ተቀባዩ ድርጅት የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ለእያንዳንዳችሁ ያስፈልጋል። ፓስፖርታችሁ ከተመለሳችሁበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቆይ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን።

ስለ ማደሪያ ማስረጃ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እህትዎ ቤት ለምታድሩበት ቀን እሳቸው ከሚኖሩበት ማዘጋጃ ቤት የእንግዳ መቀበያ ወረቀት ያውጡ። ክፍያ አለው፣ ጊዜም ይወስዳል፣ ዋናው ቅጂ ለእናንተ መላክ አለበት። ይህ ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው፤ ፈረንሳይ ከእንግዳ በቀን አሳዩ የምትለው ገንዘብ ሆቴል ለያዘ ሰው 65 ዩሮ ሲሆን ወረቀቱ ላለው 32 ከ50 ነው። ድንኳን ውስጥ ለምታድሩበት ቀን ደግሞ የካምፕ ቦታው የቡኪንግ ማረጋገጫ ይያያዝ፣ የአራታችሁም ስም ተጽፎበት። «እህቴ ጋ ነን» ብሎ ሁሉንም ቀን በአንድ ወረቀት መሸፈንና ከዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ድንኳን ማውራት አያዋጣም። ቡኪንጉ ሊሰረዝ የሚችል ይሁን። የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት ቪዛው ሳይወጣ አይግዙ፣ ማንም ቢያሳምንዎ።

የተቀረው የሚያውቁት ነው፤ የሥራ ደብዳቤ፣ የባለቤትዎ ንግድ ፈቃድና የግብር ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬት፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ደብዳቤ። ባንኩ ውስጥ ከማመልከቻው ሁለት ቀን በፊት ድንገት የገባ ትልቅ ብር ከማሳየት የተለመደውን የደመወዝና የሽያጭ እንቅስቃሴ ማሳየት ይሻላል።

ድንኳን? በፍጹም አይግዙ። እዚያ ካምፕ ቦታ ብዙዎቹ አልጋና ምድጃ የገባለት የተተከለ ድንኳን ያከራያሉ፤ ለሕፃናት የሚሻለውም እሱ ነው። ዋጋ ሲያወዳድሩ ግን የቀኑን ኪራይ ብቻ አይመልከቱ። አንሶላ፣ የመጨረሻ ቀን ጽዳት፣ ኤሌክትሪክ ለየብቻ የሚታሰብበት አለ፤ የማዘጋጃ ቤቱ የቱሪስት ግብርም ለአዋቂዎች በአዳር ይጨመራል፣ ከ18 ዓመት በታች አይከፍሉም። የመዋኛ ገንዳ ካለው ደግሞ አንድ የሚያስቅ ሕግ አለ፤ ለወንድ ሰፊ ቁምጣ አይፈቀድም፣ ገላ ላይ የሚጣበቀውን ነው የሚሉት። ባለቤትዎ ይህን ከወዲሁ ይወቁት።

ታንኳን በተመለከተ ልጅዎ መዋኘት ከቻለ ይፈቀድለታል፣ ዕድሜው ከ7 በላይ ስለሆነ። ትንሿ አትሳፈርም። እሷን ይዞ ዳር የሚቀር ሰው ከወዲሁ ይመደብ፣ እዚያ ደርሶ ክርክር እንዳይሆን። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ሁሉንም ሰብስበው ወደ ሾቬ ዋሻ ቅጂ ይውሰዱ። እውነተኛው ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘ ነው፤ 36,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው የአንበሳና የአውራሪስ ሥዕሎች ስላሉበት ለጎብኚ ዝግ ነው። ቅጂው እ.ኤ.አ. በ2015 ተከፍቷል፣ ውስጡም ቀዝቃዛ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሸዋ ሮቢት ነው ያደግኩት፣ 23 ዓመቴ ነው። አጎቴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ አርዴሽ ሊወስደኝ ነው። ካያክ መቅዘፍ እፈልጋለሁ። ዋና አሳምሬ ነው የምችለው። አጎቴ ከወንዙ አፍንጫ ሥር ያለውን የድንኳን ቦታ ያዝኩ ብሎ ደስ ብሎታል። እናቴ ግን ወንዝ የሚባል ነገር ስትሰማ ትጨነቃለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እናትህ ልክ ናቸው፤ አንተም ልክ ነህ።

የሸዋ ሮቢት ልጅ ሆነህ ደራሽ ውሃ ምን እንደሆነ እኔ አላስተምርህም። ሰማዩ እናንተ ጋ ጥርት ብሎ ደብረ ሲና ላይ ይዘንባል፣ ከዚያ የሮቢ ወንዝ ድንጋይና ግንድ እያላጋ ይመጣል። አርዴሽም እንደዚሁ ነው። ዝናቡ የሚወርደው ላይ፣ ሴቬን የሚባሉት ተራሮች ላይ ነው። ከሜድትራንያን ባሕር የሚነሣው ሙቅና እርጥብ አየር እነሱ ላይ ተጋጭቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወራት ዝናብ ይጥላል። ታች ያለው ሰው ፀሐይ እየሞቀ ወንዙ ይሞላበታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1890 የመጣው ጎርፍ የአርዴሽን ድልድዮች ጠራርጎ ነው የወሰደው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ዝናብ የሚመጣው በመጸው፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ብዙም አይደለም፣ ግን አልፎ አልፎ ይቀድማል።

ወንዝ ዳር ድንኳን ሲባል የሚነሣው አንድ ክፉ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1996 በሰሜን ስፔን ቢዬስካስ አጠገብ ከተራራ የወረደ ደራሽ ጎርፍ አንድ የካምፕ ቦታ ላይ ወጥቶበት 87 ሰው ሞቷል። ቦታው ጎርፍ ይዞት የሚመጣው አፈርና ድንጋይ ተከምሮ የተፈጠረ ሜዳ ላይ ነበር። ሜዳ ሆኖ ስላማረ ብቻ ቦታ አይመረጥም።

ስለዚህ አጎትህን እንዲህ በለው። ከወንዙ አፍ ላይ ያለውን ትተን ከመግቢያው በኩል ከፍ ያለውን፣ የጠዋትና የቀትር ጥላ ያለውን እንያዝ። እንደደረሳችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ዋይፋይ አይሁን፤ ጎርፍ ቢመጣ በየት እንደሚወጣ፣ ማስጠንቀቂያው ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ጠይቁ። በጎርፍ ቀጣና ያሉ ካምፖች የመውጫ ካርታ ይኖራቸዋል። የፈረንሳይ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያውን በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ያወጣል፤ ብርቱካንማ ከሆነ ታንኳ የለም፣ ክርክርም የለም። ለድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 112 ነው።

ካያኩን በተመለከተ ደግሞ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። አጭሩ ከቫሎን ሻም እስከሚባለው ቦታ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በድልድዩ ሥር ታልፋለህ፣ ከሰዓት በፊት ይጨረሳል። ረጅሙ ሸለቆውን ሰንጥቆ ሳን ማርታን ድረስ 32 ኪሎ ሜትር ነው። አንዴ ከገባህ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ መኪና መንገድ የለም፤ «ደክሞኛል እዚህ ልውረድ» የሚባል ነገርም የለም። መዋኘት ጎበዝ መሆንህ ጥሩ ነው፣ መቅዘፍ ግን የትከሻና የወገብ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቀን አጭሩን ሂድ። ትከሻህ ማግሥቱን ምን እንደሚልህ አይተህ ረጅሙን ትወስናለህ። የሕይወት አድን ጃኬት ይታሰር፣ ሙቀት ነው ተብሎ አይፈታ። ስልክና ውሃ በሚያከራዩህ በሚዘጋው በርሜል ውስጥ። ኮፍያ ያዝ፣ ጫማህ የማይወልቅ ይሁን፣ በስሊፐር አትሂድ።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ። ልጄ ፈረንሳይ አገር ነው ያለው። ዘንድሮ ና ብሎኛል፣ ድንኳን ውስጥ ነው የምናድረው ይላል። እድሜዬ ገፍቷል። ባናዬን ልያዝ ወይ? ቅቤና ቋንጣ፣ ትንሽ ማርም ልወስድለት ነበር። ይፈቀዳል?

መልስ፦ አባታችን፣ ባናው ይቅር። መንዝ የሚያሞቅዎት ባና ቫሎን ላይ በነሐሴ ያፍንዎታል፣ ሻንጣውንም ብቻውን ይሞላዋል። ለሌሊት አንድ ጋቢና ቀጭን ሹራብ ይበቃል። ጓሳ ላይ ያደረ ሰው የፈረንሳይ ደቡብ ሌሊት አያስፈራውም።

ቅቤውና ቋንጣው ግን አይገቡም። ሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። አይብም፣ ቅቤ የገባበት ሽሮም፣ የተቀቀለ ዶሮ ወጥም ያው ነው። ልጅዎ ይህን ሳያውቅ «አምጣልኝ» ብሎዎት ከሆነ ይንገሩት። ማር ይቻላል፣ እስከ 2 ኪሎ። ተራ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተቆላ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ችግር የለባቸውም። ቃሪያ፣ ጤና አዳምና ማንኛውም እርጥብ ቅጠል ወይም ለዘር የሚሆን ጥሬ እህል ግን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል፤ ይተዉት።

ለልጅዎ የምለው ደግሞ አለኝ። አባትህን መሬት ላይ በተነጠፈ ቀጭን ፍራሽ ላይ አታስተኛቸው። እዚያው ካምፕ ውስጥ አልጋና ሽንት ቤት ያለው የሚከራይ የእንጨት ቤት ወይም ተጎታች ቤት አለ፣ አንተ ከጎኑ ድንኳንህን ትከል። ተራው የድንኳን ቦታ ላይ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ በሌሊት በእጅ ባትሪ ገመድ እየዘለሉ መሄድ ለእሳቸው አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና። እኔ ያለ ቡና አልሆንም። ጀበናዬን፣ ረከቦቴን፣ ትንሽ ከሰልም ይዤ ብሄድ ድንኳኑ በር ላይ ማፍላት እችላለሁ?

መልስ፦ ጀበናውን ይያዙ፣ በልብስ ጠቅልለው የእጅ ሻንጣ ውስጥ፣ ከተጫነ ይሰበራል። ረከቦቱ እንደ ሻንጣዎ ስፋት ነው። ከሰሉ ግን አይሆንም። የደቡብ ፈረንሳይ ደን በሐምሌና በነሐሴ እንደ ገለባ ነው የሚደርቀው፣ የእሳት ሕጉም ጥብቅ ነው። ብዙ ካምፖች በድንኳን ቦታ ላይ ከሰል አያስነኩም፣ ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን አይጫንም፤ እዚያው ሱፐርማርኬት ይገዛል። ቡናውን ቤትዎ ቆልተው ይሂዱ፣ ጭሱ ጎረቤት ድንኳን ውስጥ ገብቶ አምቧጓሮ እንዳያስነሣ። ዕጣንም ድንኳን ውስጥ አይጨስ፣ ጨርቁ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ሦስተኛውን ስኒ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነው፣ ጥበቃው መጥቶ ይናገራል። እንግሊዛውያንና ጀርመኖች ጎረቤቶችዎ ግን ቡናውን ካሸተቱ በኋላ ስኒ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም፣ ስኒ ጨመር አድርገው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር ነኝ፣ አሁን ሚላን እማራለሁ። መኪናም ብርም የለኝም። አርዴሽ ወንዙ ዳር በነፃ ድንኳን ብተክል ምን ይለኛል? ካልሆነስ ሌላ ቦታ ይኖራል?

መልስ፦ ይቀጡሃል። የአርዴሽ ሸለቆ የተጠበቀ የተፈጥሮ ክልል ነው፣ ማደር የሚቻለው ጎ እና ጉርኒዬ በሚባሉ ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፣ እሱም አስቀድመህ ቦታ ይዘህና ከፍለህ። በዚያ ላይ መኪና ከሌለህ አርዴሽ ይከብድሃል። ባቡሩ የሚያደርስህ እስከ ሞንቴሊማር ወይም አቪኞን ነው፣ ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ጥበቃ።

ሚላን ካለህ ግን ለምን ፈረንሳይ ድረስ ትደክማለህ? ፔስኪዬራ ሂድ። ሚንቾ ወንዝ ከጋርዳ ሐይቅ የሚወጣበት ከተማ ናት፣ ከሚላን ወደ ቬኒስ የሚሄደው የባቡር መስመር ላይ ነች፣ ከጣቢያው ወርደህ በእግርህ ትገባለህ። የድሮው ምሽጓ በውሃ የተከበበ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወንዙን ተከትሎ ማንቶቫ ድረስ የሚወርድ የብስክሌት መንገድ አለ፣ 40 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ አብዛኛው ሜዳ ነው። ብስክሌት ተከራይ፤ አንድ ሌሊት ካምፕ፣ ማግሥቱን ማንቶቫ፣ ማታ በባቡር ሚላን። ሐይቁ ዳር ያሉት ካምፖች በነሐሴ ይሞላሉ፣ ስለዚህ ግንቦት ወይም መስከረም ላይ ሂድ። ተማሪ መሆንህን የሚያሳይ ካርድም ያዝ፣ ሙዚየም ላይ ይጠቅምሃል።